የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ሐኪሙ ዮሲፍ ፓንቺችና እጽዋቱ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰርቢያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ስለ ዮሲፍ ፓንቺች አውርተን ነበር። ሰዓቱ ስላልበቃን ያልመለስናቸውን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ሰርብ ነው ወይስ ክሮኤሺያዊ?

መልስ፦ በ1814 የተወለደው ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ባለች ኡግሪኒ የምትባል መንደር ነው። በ1846 ሰርቢያ ገባ፣ ዜግነት ወሰደ፣ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። ክርክሩን ለእነሱ እንተውላቸው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ከነበረ እጽዋት ውስጥ ምን አገባው?

መልስ፦ በዚያ ዘመን ሐኪምና ቅጠል የማይለያዩ ጎረቤቶች ነበሩ። በ1842 ፔሽት ላይ፣ ዛሬ የቡዳፔስት ከተማ ክፍል በሆነችው፣ በሕክምና ተመረቀ። ሰርቢያ ውስጥ ያጎዲናና ክራጉዬቫትስ ላይ በሽተኛ አከመ፤ ፋታ ሲያገኝ ተራራ ይወጣል። በ1853 ቤልግሬድ መምህር ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹንም አስከትሎ ይወጣ ጀመር። የሰርቢያን እጽዋት የዘረዘረበት መጽሐፉ በ1874 ወጣ።

ጥያቄ፦ ከስቶክሆልም ነው የምደውለው። ጓሮዬ ያለው ቀጭን ረጅም ጥድ እሱ ያገኘው ኦሞሪካ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል እህቴ፤ እናንተ አገር በብዛት ይተከላል። ቅርንጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ጫፉ ቀና ይላል? ጠፍጣፋዋን መርፌ ቅጠል ገልብጪያት፤ ከስሯ ሁለት ነጭ መስመር ካለ ኦሞሪካ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፍሬውን ግን ሳታዪ አትማይ። ፓንቺችም ስሙን ከሰው ሰምቶ ዓመታት ፈልጎታል፤ በ1875 ሰርቢያ ውስጥ ታራ ተራራ ላይ፣ ዛዎቪኔ አካባቢ ቆሞ ሲያየው ነው ያረፈው። ስም አይበቃም፣ ሁሌም የምለው ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ራሞንዳ የሚባለው ተክል ደርቆ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል ይላሉ። እናቴ ሁሌ ደከመኝ ትላለች። አንድ ሰው ደረቁን አምጥቶልኛል፤ አፍልቼ ላጠጣት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድስቱን ከእሳት አውርደው። ይህን ጥያቄ ስንቴ ሰማሁት መሰለህ! የተክሉ ስም ብቻ ነው የሚቀያየረው።

እውነት ነው፣ ራሞንዳ ትነሳለች። የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የምትበቅል ሐምራዊ አበባ ናት። አንዷን ዓይነት ፓንቺች በ1874 ለዓለም አስተዋወቀ፤ ሌላዋን በ1884 ከእጽዋት ተመራማሪው ከሳቫ ፔትሮቪች ጋር ሆኖ በሰርቢያዋ ንግሥት በናታሊያ ስም ሰየማት። ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሏ ተኮማትሮ፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ውሃ ሲነካት ትለመልማለች፤ ሴሎቿን ድርቀት እንዳይጎዳቸው የሚጠብቅ ስኳርና ፕሮቲን አላት። ያ ችሎታ የእሷ ነው። በስኒ ተቀድቶ ለእናትህ አይተላለፍም።

ደግሞስ ያመጣልህ ደረቅ ቅጠል ራሞንዳ መሆኑን ማን ነገረህ? ሻጩ? በባልካን ጸደይ ሲገባ ሰው የጫካ ነጭ ሽንኩርት ቅጠል ይለቅማል፤ ለሰላጣ ግሩም ነው። ቅጠሉ እሱን የሚመስል ኮልቺኩም የሚባል መርዝ ደግሞ አለ። «በማሽተት እለየዋለሁ» ይላሉ። ትንሽ ከለቀምክ በኋላ ግን ጣትህ ራሱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ መርዙንም ብታሸተው ሽንኩርት ነው! ከሰዓታት በኋላ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል። ሰውየው ሆዴን ነው ብሎ ይተኛል፤ መርዙ ግን ኩላሊትና መቅኔ ድረስ ይሄዳል። በዚህ የሞቱ አሉ። ለዚህ ነው ስም አይበቃም፣ ሽታም አይበቃም የምለው። የኛም «አያቴ ትጠጣው ነበር» ከዚህ አይለይም። አያትህ ስንት እንደጠጡና ምን እንደሆኑ ማን መዘገበ?

እናትህን ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። ደም ማነስ ይሁን፣ ስኳር ይሁን፣ ታይሮይድ የሚለየው ምርመራ ነው። ቅጠሉን ጣለው።

ጥያቄ፦ ኦሞሪካን አዲስ አበባ ብተክል ይይዝልኛል?

መልስ፦ ክረምቱ በረዶ ከሆነበት አገር የመጣ ዛፍ ነው። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የችግኝ ባለሙያ አማክር።

ጥያቄ፦ መቃብሩ የት ነው?

መልስ፦ በ1888 ቤልግሬድ ነው የሞተው። በ1951 አጽሙ ሰርቢያ ውስጥ ባለው ኮፓዎኒክ ተራራ አናት ላይ አረፈ፤ 2,017 ሜትር ከፍታ ያለው ጫፉ በስሙ ነው የሚጠራው። ዕድል ገጥሟችሁ ከወጣችሁ በዓይናችሁ ብቻ እዩ፤ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ቅጠል አትቅመሱ።