ነገደ፦ ከመንገድ የመጣ ግስ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ ከባሕር ዳር ሆኜ የማነሣላችሁ «ነገደ» የሚለውን ግስ ነው። በዛሬው አማርኛ ቃሉን ስንሰማ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሱቅ፣ ሚዛንና ትርፍ ነው። በግእዝ ግን «ነገደ» ተጓዘ፣ ከአገር ወደ አገር ሄደ ማለትም ነው፤ ወደ ቅዱሳት መካናት የሚደረገውን ጉዞ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ «ንግደት» ይሉታል። መንገድ፣ ነጋዴና እንግዳም የዚሁ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

ይህ ዝምድና እጅግ ይመስጠኛል፤ የነገደ ሰው ቤቱን ትቶ የወጣ፣ በደረሰበትም ሁሉ የአገሬውን ፈቃድ የሚሻ እንግዳ እንደ ነበረ ቃሉ ራሱ ይመሰክራልና። በጎጃም ከባሶ ገበያ ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ የሚዘልቀው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ሰሙንና ዝባዱን በአጋሰስና በበቅሎ ጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ፣ በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር እየተገበያየ ይጓዝ ነበር። በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ዕቃ ተነድቶ ይሸጥ ነበርና፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ከሽፍታ ለመዳን በኅብረት ይሄዱ ስለ ነበር መሪ ያስፈልጋቸው ነበር፤ የነጋዴዎቹ አለቃ «ነጋድራስ» ተባለ፣ ማዕረጉም በኋላ የገበያና የቀረጥ ሹም መጠሪያ ሆነ።

እንግድነቱ ግን በመንገድ ላይ ብቻ አልቀረም። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። የሩቅ ንግዱ በአብዛኛው በሙስሊሞች እጅ ስለ ነበር፣ የጎንደርን ገበያ የሚያቀኑት ሰዎች በገዛ ከተማቸው እንደ መጻተኛ ተቆጠሩ። ዛሬም ነጋዴን ከአጭበርባሪ ሳንለይ ስንጠራ የዚያ ንቀት ቅሪት ይሰማኛል፤ ያሳዝነኛልም።

በጣና ዳር የግሱ ሁለት ትርጉሞች አልተለያዩም። የዘጌ ሰው በበሬ ስለማያርስ፣ ኑሮው በደኑ ጥላ ሥር በሚያበቅለው ቡና ላይ የተመሠረተ ነው፤ እህሉን ለመሸመት ቡናውንና እንጨቱን ከደንገል በተሠራ ታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲቀዝፍ ኖሯል። በዚያው በዘጌ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ለመሳለም የሚሄደው ምእመንም የሚሻገረው ያንኑ ውኃ ነው፤ በግእዙ ሁለቱም «ነጋድያን» ናቸው።