የጥንቸሏ መደርደሪያ፦ ምን ዓይነት ጣውላ? ምን ዓይነት ቀለም?

[ምስል፦ ጨለማ። የማኘክ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቀስ ብሎ ይበራል፤ ነጭ ጥንቸል የጣውላ ጠርዝ እያኘከች ነው።]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህን ድምፅ ጥንቸል ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ይጀምራል። ጠዋት ስትነሡ ጥንቸሏ ወጥታ የምትቀመጥበት መደርደሪያ ጠርዙ ተበልቷል።

አትቆጧት። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። የፊት ጥርሷ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ዋናው ሞረድ ድርቆሽ ነው፤ እንጨትም ያግዛታል። ችግሩ ጥንቸል ማስታወክ አትችልም። የዋጠችው ክፉም ሆነ ደግ በአፏ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ መደርደሪያ ስትሠሩላት ምግብ እንደምታቀርቡ አስቡት።

[ምስል፦ እንጨት መሸጫ፤ እጅ ጣውላ እየዳሰሰ]

ጣውላ ስትገዙ ከዓይናችሁ ይልቅ አፍንጫችሁን እመኑ። ጽድን እኛ ሰዎች የምንወደው ለሽታው ነው። የፈረንጅ ጽድም እንዲሁ። ያ ሽታ ግን ከእንጨቱ የሚተን ዘይት ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት ስትተነፍሰው ሳንባዋንም ጉበቷንም ሊጎዳ ይችላል። ባሕር ዛፍንም እኔ አላስገባም። ኮምፖርሳቶና ችፑድ በዋጋ ይማርካሉ፤ ነገር ግን በኮላ የተጣበቁ ናቸው። ጣውላውን ስትበላ ኮላውንም ትበላለች። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል።

የምመርጠው በደንብ የደረቀ፣ ቫርኒሽም የምስጥ መድኃኒትም ያልነካው የፓይን ጣውላ ነው። ጥግ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍጉና አሽትቱት። ሽታው አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ወይም ሙጫ የሚያዥ ከሆነ ገና አልደረቀም። ለማኘኪያ የወንዝ ዳር አኻያ የሚያክል የለም። ፍሳሽ ከማይደርስበት ቦታ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ፣ አጥባችሁ አድርቁላት።

[ምስል፦ ድስት ውስጥ የሚፈላ ቀይ ስር]

አሁን ወደ ቀለሙ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ እያየ ያደገ የጎንደር ልጅ ባዶ ጣውላ አይበቃውም። ይገባኛል። ለጥንቸል የሚሆነው ቀለም ግን የሚገኘው ከቀለም መሸጫ ሳይሆን ከጓዳ ነው። ቀይ ስር፣ እርድ፣ ከርከዴ።

ሁለት ቀይ ስር ከትፋችሁ በግማሽ ሊትር ውኃ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉ። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት እንዳትጨምሩ። ጣውላውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱት፤ ሲደርቅ የሚቆመውን የእንጨቱን ክር እንደገና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ከዚያ ቀለሙን በንጹሕ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ። በየመሀሉ ይድረቅ።

ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት። የቀይ ስር ቀለም ፀሐይ አይችልም፤ ገርጥቶ ቡናማ ይሆናል። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ይበቃዋል። ክረምት ላይ ከሆነ ሥራውን ለመስከረም አቆዩት። በጎንደር ሐምሌ እርጥብ ጣውላ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ለእሷ መርዝ ነው።

[ምስል፦ ቢጫ ጣውላ፤ መሀሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ]

ይህን ደግሞ በደንብ እዩልኝ። የመጀመሪያ መደርደሪያችንን በእርድ ነበር የቀባሁት። በሦስተኛው ቀን ልጄ እየጮኸች መጣች። «እማዬ፣ ደም!» ሮጬ ሄድኩ። ቢጫው ጣውላ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ። ጥንቸሏን ገልብጬ እግሯን አየሁ፣ ጥርሷን አየሁ። ምንም የለባትም።

የእርድ ሥራ ነበር። እርድ ሳሙና ወይም አመድ ሲነካው ይቀላል። የጥንቸል ሽንት ደግሞ እንደ ሳሙና ነው፣ አሲድ አይደለም። የሸናችበት ሁሉ ይቀላል ማለት ነው። በውኃ የቀጠነ አቼቶ በጨርቅ አስነክቼ ጠረግሁት። ዓይኔ እያየ ወደ ቢጫ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ እርድን የምቀባው የመደርደሪያው ጎን ላይ ብቻ ነው። የምትቀመጥበትን በቀይ ስር አቀልመዋለሁ፤ ወይም ምንም አልቀባውም። ቀለሙ እንዲቆይ ብላችሁ ቫርኒሽ አትደርቡበት። ይለቅ፤ እንደገና ይቀባል።

[ምስል፦ መደርደሪያው ሲገጠም]

ከወለሉ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉት፤ ከወደቀች የጀርባ አጥንቷ በቀላሉ ይሰበራል። ሚስማር አትጠቀሙ። ስታኝክ ጫፉ ይወጣባታል። ከሥር በኩል በቪቴ እሰሩት፤ ጫፉ በላይ እንዳይወጣ መዳፋችሁን ጣውላው ላይ አስኪዳችሁ አረጋግጡ። በየሳምንቱም ዞር ብላችሁ እዩት። ተበልቶ ቪቴው መታየት ሲጀምር ፍቱትና አዲስ ጣውላ ግጠሙ። ከአሮጌው የተረፈውን ንጹሕ ቁራጭ አትጣሉት። ድርቆሿ አጠገብ አኑሩላት፤ እስኪያልቅ ታኝከዋለች።