ስሙ የማን፣ ብየዳው የማን?

ክቡራትና ክቡራን፣ ከፒያሳም ከመርካቶም ሥራችሁን አቁማችሁ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በአራት ኪሎና በፒያሳ የብስክሌት መስመር ከተዘረጋ ወዲህ ያገለገለ የፈረንጅ ብስክሌት ገዝቶ የሚመጣ ወጣት በዝቷል። የመጀመሪያ ጥያቄው «ቴላዮው ኦሪጅናል ነው?» የሚል ነው፤ ቴላዮ የምንለው ከቱቦዎች ተበይዶ የሚሠራውን የብስክሌቱን አጽም ነው፤ ጣቱም የሚያርፈው ቱቦው ላይ ከተጻፈው ስም ላይ ነው። እኔ ብስክሌቱን ገልብጬ መጋጠሚያዎቹን ሳይ ግራ ይገባዋል። ለምን እንደምገለብጠው ዛሬ ላስረዳ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ። በ1972 ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ብስክሌቱ ላይ የተጻፈው ዊንድሰር የሚል የሜክሲኮ ፋብሪካ ስም ነበር። ቴላዮውን የሠራው ግን ሚላን አጠገብ፣ ካምቢያጎ ውስጥ የነበረው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነው። የዘመኑ አሠራር ይኸው ነበር፦ ገንዘቡን ፋብሪካው ይከፍላል፣ ጋላቢው የሚያምነው ባለሙያ ይበይዳል፣ ቀለም ቀቢው የከፋዩን ስም ይጽፋል። ጣሊያናዊው ቴላዮ ሠሪ ዳሪዮ ፔጎሬቲም በራሱ ስም ከመታወቁ በፊት ለዓመታት የበየደው ለሌሎች ስም ነው።

የማሲ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ቴላዮ ሠሪው ፋሊዬሮ ማሲ ሚላን በሚገኘው የቪጎሬሊ የብስክሌት መወዳደሪያ ሥር ባለው ወርክሾፑ ለታላላቅ ጋላቢዎች ሲሠራ ኖሮ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የስሙን መብት ለአሜሪካኖች ሰጠ። ልጁ አልቤርቶ እዚያው ሚላን መሥራቱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ማሲ የሚባል ብስክሌት ከሁለት አገር ይወጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ በዚህ ሙያ ግን ስም ባለቤቱ በሕይወት እያለም ተሽጦ ውቅያኖስ ይሻገራል።

ይህን የምለው ማንንም አጭበርባሪ ለማለት አይደለም። ዝና በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ አይሄድም፤ ከታች ወደ ላይም ይወጣል። የታይዋኑ ሜሪዳ ለብዙ ዘመን የሌሎችን ስም የያዘ ብስክሌት ሲያመርት የኖረ ፋብሪካ ነው። በ2016 የእኛው ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲሰለፍ የቡድኑ ስም ላምፕሬ ሜሪዳ ነበር። ስሙ ተደብቆ የኖረው ፋብሪካ በዓለም ትልቁ ውድድር ላይ በገዛ ስሙ ቆመ። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ብረቱ ልግባ፤ እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሬይኖልድስ 531 የሚለውን፣ የቱቦውን ብረት ዓይነት የሚናገር ትንሽ ምልክት ያየ ሁሉ ልቡ ይደነግጣል። በ1935 የወጣ፣ ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ድንቅ ብረት ነው። ነገር ግን ውዱም ርካሹም ብረት እኩል ሲወፍር ለመለመጥ ያለው እንቢታ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የውዱ ብልጫ ጥንካሬው ነው፤ ስለዚህ ቀጭን አድርጎ መሥራት ያስችላል። የጥሩ ቱቦ ግድግዳ ጫፉ ላይ 0.9፣ መሐሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ቱቦዎቹን የሚያጣብቀውን ናስ ለማቅለጥ 900 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል፤ በብር ከተበየደ ከዚያ በጣም ያንሳል። በዚህ ቅጥነት ላይ እሳቱን ትንሽ ያቆየ እጅ ምርጡን ቱቦ ያበላሸዋል። ምልክቱ ያው ይሆናል፤ ቴላዮው ግን ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ጥፍራችሁን በመጋጠሚያው ዙሪያ አስኪዱት፤ ናሱ ያልገባበት ቦታ ይይዛችኋል። ቀጥሎ ሲባጎ ውሰዱ። ከኋላ ጎማው ማሰሪያ ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ፣ መሪው በሚገባበት ቱቦ አዙራችሁ፣ በሌላው ጎን መልሳችሁ እሰሩት። ከዚያ ሲባጎው ከኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። ልኩ ካልተስተካከለ፣ የተጻፈው ስም የማንም ይሁን፣ ቴላዮው ጠማማ ነው።

ዝና በትክክል ሲሠራ ማየት የፈለገ ጃፓንን ይይ። ዮሺያኪ ናጋሳዋ ጣሊያን ሄዶ ከቴላዮ ሠሪዎቹ ከፖሊያጊና ከዴ ሮሳ ዘንድ ተማረ፣ አገሩ ተመልሶ ለጋላቢው ለኮይቺ ናካኖ ቴላዮ ሠራ። ናካኖ ከ1977 እስከ 1986 ድረስ በተከታታይ አሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በጃፓን ኬሪን በሚባለው የብስክሌት ውድድር ተቆጣጣሪው ያላጸደቀው ቴላዮ መወዳደሪያው ውስጥ አይገባም። ስሙ ብቻውን አያስገባውም፤ ይመረመራል።

ዝና የሚወድቅበት መንገድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብየዳ እንኳ አይደለም። ቀብድ ተቀብሎ ዝም ማለት ነው። ወረፋው ዓመታት የሚፈጅ ባለሙያ ደንበኛው ስልክ ሲደውል ካነሳ ይከበራል፤ ካላነሳ የእጁ ጥበብ አያድነውም። ይህን እዚህ ከተማም በደንብ እናውቀዋለን።

እናንተን የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። አዲስ ቴላዮ የምትሠሩም፣ የተሰበረ የምትጠግኑም፣ ፔዳሉ በሚዞርበት ቱቦ ሥር ስማችሁንና ዓመቱን በብረት ፊደል ምቱበት። ቀለም ይፋቃል፣ ይቀየራል፤ ያ ግን ይቀራል። ደብተር ያዙ፦ የማን ብስክሌት፣ ምን ቱቦ፣ በናስ ወይስ በብር። ተሰንጥቆ ከተመለሰ በነጻ ጠግኑት፤ የተሰነጠቀበትንም ምክንያት እዚያው ጻፉ። ፊደሉን መግዛት የሚከብደው ካለ የእኔን በየተራ መዋስ ይችላል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።