የማይለቅ ቀይ ጥለት

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ ከድሬዳዋ ብቻዬን ሆኜ የማወራችሁ የጥጥ ክርን በቤት ውስጥ ስለ ማቅለም ነው፤ በተለይም ሪአክቲቭ ስለሚባሉትና ከጥጡ ጋር በኬሚካል ስለሚጣመሩት ቀለሞች። እኛ ዘንድ ቀለም የሚፈተነው በነጭ ላይ ነው። ነጠላው ነጭ፣ ቀሚሱ ነጭ፣ ጋቢው ነጭ ሆኖ ቀለሙ በጥለትነት ከጫፉ ላይ ይቀመጣል። ቀይ ክር ከነጭ ፈትል ጎን ተሸምኖ ውሃ በነካው ቀን ቀዩ በነጩ ላይ ከተሰራጨ፣ የፈታይዋም የሸማኔውም ድካም በአንድ እጥበት ይበላሻል። ክር መንከር ከጀመርኩ ወዲህ ከድምቀቱ ይልቅ ጽናቱ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ነጭና ቀይ በዚህ አካባቢ ጎን ለጎን መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር በገባ ጊዜ ስላየው የከተማዋ ሸማ ሲጽፍ፣ በዙሪያው ባሉት ኮረብቶች ላይ ከሚበቅል ረጅም ቃጫ ካለው ጥጥ እንደሚሠራና ጫፉም ደማቅ ቀይ እንደ ነበር መስክሯል፤ ክሩን ሴቶች እንደሚፈትሉት፣ ሽመናውን ግን ወንዶችም ሴቶችም እንደሚሠሩት ጨምሮ ገልጿል። ድሬዳዋም ብትሆን ለጥጥ እንግዳ አይደለችም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል።

ሪአክቲቭ ቀለም ከመምጣቱ በፊት ጥጥን በደማቅና በሚጸና ቀለም መንከር አስቸጋሪ ነበር። አንዳንዱ ቀለም በክሩ ላይ ላላ ብሎ ስለሚይዝ በታጠበ ቁጥር ይቀንሳል፤ እንደ ኢንዲጎ ያለው ሰማያዊ ቀለም ደግሞ በክሩ ውስጥ የሚቀር ቢሆንም አሠራሩ ጣጣ የበዛበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢያን ራቲ እና ዊሊያም ስቲቨን የተባሉ በእንግሊዝ አገር የአይ ሲ አይ ኩባንያ ኬሚስቶች፣ ክሎሪን የያዘ ትራይአዚን የሚባል የአቶሞች ቀለበት የተገጠመለት ቀለም ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ባለበት ውሃ ውስጥ ክሎሪኑን ለቆ ጥጡ ከተሠራበት ሴሉሎስ ጋር እውነተኛ ኬሚካላዊ ትስስር እንደሚፈጥር አረጋገጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዊሊያም ፐርኪን ሞቭ የተባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ ልክ 100 ዓመት ሲሞላው፣ ግኝቱ ፕሮሲዮን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በየቤቱ የሚነከርበት ኤም ኤክስ የሚባለው ቀለም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ እሳት ሳይፈልግ በሞቀ ክፍል ሙቀት ይሠራል።

ነገር ግን ይህን ቀለም ከክሩ ጋር የሚሻማው ሌላ አለ፤ እርሱም የተነከረበት ውሃ ነው። ሶዳው ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ከፊሉ ቀለም ከጥጡ ጋር ሲጣመር ከፊሉ ከውሃው ጋር ይጣመራል፤ ከውሃው ጋር የተጣመረው ደግሞ ከእንግዲህ ወዲያ ከክር ጋር መተሳሰር አይችልም። መልኩ ግን አይለወጥም። በክሩ ቃጫዎች መካከል ገብቶ ይቀመጣል፤ በዐይን ቢያዩት ከጸናው ቀለም አይለይም። እንደ ቀለሙ ዓይነትና እንደ ጥልቀቱ ከአምስት እጅ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠው፣ በዚህ ሁኔታ ይቀራል። በዚህ ዓይነት ቀለም የተነከረ ጥለት ለቀቀ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ይኸው ትርፍ ነው እንጂ ትስስር የፈጠረው ቀለም አይደለም። እኔ አጥብቄ የማምንበትና ዛሬ ለመናገር የተነሣሁበት ነገርም ይህ ነው፤ ያንን ትርፍ እስከ መጨረሻው የማስወጣት ኃላፊነት የነካሪው ነው። «ለመጀመሪያ ጊዜ ስታጥቡት ለብቻው ይሁን» የሚለው ማሳሰቢያ ለሌላ ልብስ ይሠራ ይሆናል፤ ነጩና ቀዩ በአንድ ሸማ ላይ ተሸምነው ላሉበት ልብስ ግን ለብቻው ማጠብ የሚባል ነገር የለም።

ክር የምሰጣቸው አንድ አረጋዊ ሸማኔ ይህን በራሳቸው አነጋገር ነግረውኛል። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ቀለሙ ቢፈዝ ማንም አይከሰኝም፤ ነጩን ቢያበላሽ ግን የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው፤ ማን እንደ ነከረው የሚጠይቅ የለም።» እውነታቸውን ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ክሩ ጥጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ቀለም ፖሊስተርንም አክሪሊክንም አይዝም። ከክሩ ጫፍ ቆርጬ በክብሪት አቃጥለዋለሁ፤ ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ነድዶ በጣት የሚደቅ ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ሰው ሠራሹ ግን ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ከዚያ ክሩን ከልቃቂቱ ፈትቼ በሰፊው እጠቀልለውና እንዳይወሳሰብ በየቦታው ላላ አድርጌ አስረዋለሁ፤ ማሰሪያው ከጠበቀ ቀለም የማይደርስበት ነጭ ነቁጥ ይቀራል። ቀጥዬ በትንሽ ሶዳ አሽና ሳሙና እቀቅለዋለሁ። ጥጥ በተፈጥሮው ሰም አለው፤ ንጹሕ የሚመስለው ክር ሲቀቀል የሚተወውን ቢጫ ቡናማ ውሃ ያየ ሰው ይህን ደረጃ መዝለል አያምረውም።

የውሃው ነገር በድሬዳዋ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የከተማችን ውሃ ካልሲየም የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ እየፈለፈለ የሚያወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ስለሚሳብላት ችግሩን ትጋራለች። ካልሲየሙ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ነጭ ዱቄት ሆኖ በክሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚህ የሚከፋው ግን በእጥበት ጊዜ ትርፉን ቀለም ክሩ ላይ ማቆየቱ ነው። እኔ ውሃውን አስቀድሜ አፈላና አሳድረዋለሁ፤ ድንጋዩ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀስ ብዬ እቀዳለሁ። ውሃው ሲፈላ ከሚዘቅጠው የካልሲየም ዓይነት ስለሚገላግለኝ ለቤት ሥራ ይበቃኛል።

ለ100 ግራም ክር 2 ሊትር ያህል ውሃ፣ መካከለኛ ቀይ ለማግኘት 2 ግራም፣ ለጠለቀ ቀይ ደግሞ ወደ 4 ግራም የቀለም ዱቄት እጠቀማለሁ፤ ጥቁር ከዚህም በላይ ይፈልጋል። ዱቄቱን ስመዝን ቬንትሌተር አጠፋለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ቬንትሌተር ማጥፋት ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ ዱቄት ወደ ሳንባ ሲገባ ሰውነት እንዲቆጣ ሊያደርግና አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ስለዚህ እስኪሟሟ ድረስ አፍና አፍንጫዬን እሸፍናለሁ፣ ከሚዛኑ ሥርም እርጥብ ጋዜጣ አነጥፋለሁ። ለዚህ ሥራ የዋለ ድስትና ማንኪያ ወደ ምግብ ቤት ዕቃ አይመለስም። ጨው 100 ግራም ገደማ ይገባል፤ ጨው ቀለሙን ከውሃው ወደ ክሩ ይገፋዋል። ክሩ በዚህ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከተገላበጠ በኋላ 20 ግራም ሶዳ አሽ ለብቻው በሞቀ ውሃ አሟሙቼ፣ ክሩን ወደ ጎን አድርጌ፣ በሁለት በሦስት ጊዜ እጨምራለሁ። ትስስሩ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሙቀት ትልቅ ሥራ ይሠራል። ይህ ቀለም ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውሃ ደስ ብሎት ይሠራል፤ ከ21 ዲግሪ በታች ግን ይለግማል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሳፋ ራሱ ለብ ይላል። እህቴ ሐረር ትኖራለች፤ የደንገጎን አቀበት ወጥቶ እዚያ የደረሰ ሰው ስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብሏልና ንፋሱ ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት ዱቄት፣ አንድ ዓይነት መጠን ይዘን ብንሠራ የእርሷ ቀይ ከእኔው የሳሳ ይሆን ነበር። አሁን ሳፋውን በጋቢ ጠቅልላ ታሳድረዋለች፤ ውሃውንም አሙቃ ትጀምራለች፤ ቀያችን ተቀራርቧል። የእኔ ችግር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚህ ሙቀት በውሃ የተሟሟ ቀለም ቶሎ ኃይሉን ያጣል፤ ከውሃው ጋር እየተጣመረ ስለሚሄድ ጠዋት ያሟሟሁትን በዕለቱ እጠቀምበታለሁ ወይም ፍሪጅ ውስጥ አኖረዋለሁ።

አሁን ወደ እጥበቱ እመጣለሁ፤ ብዙ ሰው የሚቸኩልበትም ይህ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል፤ ጨውና ሶዳው ካልወጡ ትርፉ ቀለም ክሩን አይለቅም። ቀዝቃዛው ውሃ እየጠራ ሲመጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ክሩን ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ተመልከቱ፤ ጥርት ያለው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይቀላል። በቃጫዎቹ መካከል የተሸሸገውን የሚያወጣው ሙቀትና ጊዜ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ በርሜልና ጀሪካን ተሞልቶ በሚጠበቅበት ቤት ደግሞ እንዲሁ እያፈሰሱ ማጠብ አይቻልም፤ ስለዚህ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ከመድፋት ይልቅ ጥቂት ሙቅ ውሃ እየለዋወጥኩ ክሩን ለረጅም ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ፤ የአንዱን ክር የመጨረሻ እጣቢም ለሚቀጥለው ክር የመጀመሪያ ማለቅለቂያ አደርገዋለሁ። እጣቢው ጨውና ሶዳ ስላለበት የዛፍ ሥር አይደፋም።

በዚህ ደረጃ በሰፊው የሚነገሩ ሁለት ምክሮች አሉ፤ ጨው ጨምሩበት፣ አቼቶ ጨምሩበት የሚሉ። ለዚህ ቀለም ሁለቱም አይሆኑም። ጨው ትርፉን ቀለም በክሩ ላይ ለጊዜው ስለሚያስቀምጠው ውሃው የጠራ ይመስላል፤ ጨው በሌለው ውሃ ሲታጠብ ግን መልሶ ይወጣል። አቼቶ ደግሞ አሲድ ነው፤ ቀለሙ ከጥጡ ጋር የፈጠረው ትስስር በአሲድ እየላላ የሚሄድ ስለሆነ ያጸናል የተባለው ነገር ያዳክመዋል። በረኪናማ ቀለሙን ራሱን ያጠፋዋል።

ክሩ ተዘጋጅቷል የምለው በሁለት ፈተና ነው። ከክሩ ቁራጭ ጥርት ባለ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ አድርጌ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ከጎን ሲታይ ውሃው ምንም መልክ ሊኖረው አይገባም። ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው፤ እርጥቡን ክር በነጭ የነጠላ ቁራጭ መካከል አድርጌ በሞቀ ካውያ እተኩሰዋለሁ። ነጩ ጨርቅ ላይ የቀይ መስመር ከታየ ክሩ ወደ ሙቅ ውሃው ይመለሳል፤ ሸማኔው ቢቸኩሉም ይመለሳል።

ከቀለማቱ ሁሉ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀኝ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴን የማገኘው ቢጫንና ቱርኩዋዝ የሚባለውን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ቀላቅዬ ነው። ቢጫው ከጥጡ ጋር ቶሎ ይጣመራል፤ ቱርኩዋዙ መዳብ ያለበት ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ዝግ ይላል፣ ተጨማሪ ሙቀትና ሰዓትም ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት የአረንጓዴ ክር ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ አይሆንም፤ ሰማያዊ ይሆናል፤ የቀረው ቱርኩዋዙ ነውና። ሳፋውን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ባገኘው ግድግዳ ሥር ሸፍኜ በማስቀመጥ የተሻለ ውጤት አግኝቻለሁ፤ የድሬዳዋ ሙቀት በዚህ በኩል ባለውለታዬ ነው። ሐረር ላለችው እህቴ ግን ይህ አይሠራላትም፤ እርሷ ሳፋውን በሌላ ትልቅ የሙቅ ውሃ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣ ለመሞከር አስባለች። በደጋ ከተሞች ተቀምጣችሁ ቱርኩዋዝን ያጸናችሁ አድማጮች ካላችሁ፣ ውሃውን በምን ያህል ሙቀትና ለስንት ሰዓት እንዳቆያችሁት ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ፣ ለእርሷም እነግራታለሁ። ደህና ቆዩኝ።