ያገለገለ 44 ማግነም ስትገዙ ከበሮውን ቀስ ብላችሁ አዙሩት

[ምስል፦ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ ሽጉጥ። ከበሮው ወደ ጎን ተከፍቷል፤ ስድስቱም ጉድጓዶች ባዶ ናቸው።]

ይህ ሽጉጥ በዕድሜ ይበልጠኛል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 29 ይባላል። የሚጎርሰው 44 ማግነም የሚባለውን ጥይት ነው። ሀገር ቤት ስድስት ጎራሽ የምንለው ዓይነት ነው፤ ግን ከትልልቆቹ አንዱ። ባዶውን 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ማካሮቭ 730 ግራም ነው።

ካሜራውን ከማብራቴ በፊት ከበሮውን፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚገቡበትን የሚዞረውን ክፍል፣ ከፍቼ ስድስቱንም ጉድጓድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በትንሿ ጣቴም ዳስሻለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ አንድም ጥይት የለም። ዛሬ የማሳያችሁን ስትሞክሩ እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

[ምስል፦ የተራኪው ፊት።]

ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የገዛሁት ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ነበር። መስታወቱ ሥር ሲያብለጨልጭ አየሁት፤ ልቤ ሄደ። ሻጩ «ብዙ አልተተኮሰበትም» አለኝ። አመንኩት። እጄ ላይ ይዤ ገልበጥ ገልበጥ አደረግሁትና ከፈልኩ።

ተኩስ መለማመጃ ቦታ ወስጄ ሦስተኛውን ጥይት ስተኩስ ጉንጬን የሆነ ነገር ለበለበኝ። ስዳስሰው ደም ነው። የእርሳስ ፍንጣሪ ነበር። መነጽር ባላደርግ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ይቀፈኛል።

የጦር መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ሰውዬው ምንም አልፈታም። ከበሮው ባዶ መሆኑን አየ፤ ከዚያ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ፣ በጣም ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሳበው። ስድስት ጊዜ። አንደኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ከበሮው ቦታው ሳይገባ ቆመ። «ይኸው» አለኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ያንን አንድ ደቂቃ ሱቁ ውስጥ ባውቀው ኖሮ ገንዘቤም ጉንጬም ይተርፉ ነበር። ይህን ቪዲዮ የምሠራው ለዚያች አንድ ደቂቃ ስል ነው።

[ምስል፦ ሦስት ጥይቶች ጎን ለጎን፦ ማካሮቭ፣ 44 ስፔሻል፣ 44 ማግነም። ለማሳያ የተሠሩ፣ ባሩድ የሌላቸው።]

መጀመሪያ ጥይቱን እንወቀው። ኤልመር ኪት የሚባል የአይዳሆ አዳኝና የጦር መሣሪያ ጸሐፊ ነበር። 44 ስፔሻል የሚባለውን የቆየ ጥይት ለብዙ ዓመታት ባሩዱን እየጨመረ ሲሞክር ኖረ። አውሬ ለማደን የሚበቃ የሽጉጥ ጥይት ይሠራልኝ ብሎ ፋብሪካዎችን ወተወተ። በመጨረሻ ሬሚንግተን ጥይቱን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን ሠሩ። በ1955 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ወጡ። «29» የሚለው ቁጥር የመጣው በ1957 ኩባንያው ለሽጉጦቹ ሁሉ ቁጥር መስጠት ሲጀምር ነው። በ1971 የወጣ አንድ የፖሊስ ፊልም ደግሞ ስሙን ዓለም ላይ ናኘው። ከዚያ በኋላ አንድ ሳጥን ጥይት እንኳ የማይጨርሱ ሰዎች ሁሉ ገዙት። ለእኛ ለገዢዎች ይህ ደግ ነገር ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙ ብዙ አሮጌ 29ዎች በእርግጥም ብዙ አልተተኮሰባቸውም። ግን በሻጩ አፍ አይታመንም፤ ብረቱን መጠየቅ ነው።

የተለመደው የ44 ማግነም እርሳስ፣ ማለትም ሲተኮስ ከቀለሃው ተወርውሮ የሚወጣው ጫፍ፣ 15.5 ግራም ገደማ ነው። የማካሮቭ 6 ግራም ገደማ። ስሙ 44 ቢሆንም የእርሳሱ ስፋት 0.429 ኢንች፣ ማለትም 10.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ከቀደሙት የ44 ጥይቶች የተወረሰ ስም ነው።

መሃል ላይ ያለውን 44 ስፔሻልን ልብ በሉት። ቀለሃው ከማግነሙ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ስፔሻሉ ማግነም ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ በሰላም ይተኮሳል። ማግነሙ ግን ስፔሻል ሽጉጥ ውስጥ መግባት የለበትም። ቀለሃውን ያስረዘሙት ሆን ብለው ለዚሁ ነው። ስፔሻሉ ወደ በኋላ ስለሚጠቅመን ያዙልኝ።

[ምስል፦ የሽጉጡ ጎን በቅርበት። እጅ መዶሻውን ቀስ ብሎ ይስባል።]

አሁን ወደዚያች አንድ ደቂቃ። ሱቅ ውስጥ ስትሆኑ መጀመሪያ ሻጩን አስፈቅዱ። «ቀስ ብዬ መዶሻውን ልሳበው?» በሉት። ባዶ ሽጉጥ ላይ ቃታ መሳብ የማይወድ ባለሱቅ አለ፤ ንብረቱ ነውና ይጠየቃል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጉ።

መዶሻው ሲሳብ ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ጣት ከበሮውን ከኋላ ገፍታ ታዞረዋለች። ከሥር ደግሞ ሌላ ብረት ብቅ ብላ ከበሮው ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክት ውስጥ ትገባና ትቆልፈዋለች። ይህ መቆለፍ መዶሻው ጨርሶ ከመነሳቱ በፊት ወይም እኩል መሆን አለበት። «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ። መዶሻው ተነስቶ አልቆ ከበሮው ገና ከሆነ፣ ጉድጓዱና አፈሙዙ ፊት ለፊት አልተገጣጠሙም ማለት ነው። እርሳሱ ሲወጣ የአፈሙዙን መግቢያ ጠርዝ ይገጫል፤ ይላጣል፤ ፍንጣሪው ወደ ጎን ይወጣል። ጉንጬ ላይ ያረፈው ያ ነው።

በፍጥነት ከሳባችሁት ችግሩ ይደበቃል። ከበሮው በራሱ ግፊት ተንሸራቶ ቦታው ይገባልና። ለዚህ ነው ቀስ በሉ የምለው። ከበሮውን በሌላኛው እጃችሁ ጣት በጣም ለስለስ አድርጋችሁ ብትነኩት ጥሩ ነው፤ እሷ ትንሽ ሰበቃ ስንፍናውን ታወጣዋለች። ስድስቱንም ሞክሩ። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ሊያጠፋ ይችላል። የእኔው እንደዚያ ነበር።

ከዚያ ከበሮውን ዝጉና በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። ጥቂት መንቀሳቀስ ያለ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ብዙ ከባድ ጥይት የበላ ሽጉጥ ነው።

[ምስል፦ በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት፤ ከጀርባው ነጭ ወረቀት።]

ይህችን ቀጭን የብርሃን መስመር ታያላችሁ? ከበሮውና አፈሙዙ የማይነካኩት ከበሮው መዞር ስላለበት ነው። ጋራዥ የሠራ ሰው ፊለር ጌጅን ያውቃል፤ ቫልቭ ለማስተካከል የሚያስገቧቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ናቸው። እዚህም የሚለካው በዚያው ነው። ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። 0.3 ካለፈ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ፤ ወይም ተዉት። በዚህች ክፍተት ሲተኮስ የጋለ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ጣታችሁ በፍጹም እዚያ አጠገብ አይሁን። አውቶማቲክ ሽጉጥ የለመደ ሰው የግራ አውራ ጣቱን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ በ44 ማግነም ላይ ይህ ልማድ ጣት ክፉኛ ይጎዳል።

ከበሮውን ከፍታችሁ የአፈሙዙን መግቢያ በባትሪ እዩት። ስንጥቅ ካለ ነገሩ አበቃ። ብሎኖቹንም እዩ። ራሳቸው ከተፋፋቀ አንድ ያልተማረ እጅ ከፍቷቸዋል። ጽሑፎቹ ደብዘዝ፣ ጠርዞቹ ሟሙት ካሉ ደግሞ ሽጉጡ ተፍቆ እንደገና ቀለም ተነክሯል። ይህ መተኮስ አይከለክልም፤ ግን እንደ ኦሪጂናል ዋጋ አይከፈልበትም።

በፊልም እንደሚያደርጉት ከበሮውን በእጅ አንጓ እየወዘወዛችሁ እንዳትዘጉት አደራ። ከበሮውን የያዘው የብረት ክንድ ይጣመማል። ሻጩ እንደዚያ ሲዘጋ ካያችሁት፣ ስንት ጊዜ እንደዘጋው አስቡ።

[ምስል፦ የተከፈተው ከበሮ ሥር የተቀረጸ «ሞዴል 29-2»።]

ከበሮው ሲከፈት ክንዱ ሥር ቁጥር ትታያለች። የእኔ 29-2 ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለችው ቁጥር ፋብሪካው ያደረገውን ለውጥ ትናገራለች። 29-2 ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1982 ገደማ የተሠራው ነው። አፈሙዙ በትንሽ ሚስማር የተቆለፈ ነው፤ የጥይቱ ቂጥም ከበሮው ውስጥ ሰመጥ ብሎ ይገባል። በ29-3 ሁለቱም ቀሩ። ሰብሳቢዎች የድሮውን የሚያሳድዱት ለዚህ ነው፤ ዋጋውም ደህና ከሆነ ከሺህ ዶላር በላይ ይሄዳል።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር። የምትፈልጉት ብዙ ለመተኮስ ከሆነ አዲሶቹን ምረጡ። ድሮዎቹ ላይ ኃይለኛ ጥይት ሲበዛ፣ ከግፊቱ የተነሳ ከበሮው ከመቆለፊያው አምልጦ ወደ ኋላ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። ኩባንያው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ውስጡን እያጠናከረ አስተካከለው። ውበት ከ29-2፣ ጥንካሬ ከ29-5 ወዲህ።

[ምስል፦ ባዶ ቅጽ። የግል መረጃ የለበትም።]

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን እኛን ሐበሾችን የሚነካ ነገር አለበት። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። 4473 የሚባል ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ስማችሁ ከ1998 ጀምሮ በሚሠራው የኤፍቢአይ ማጣሪያ ያልፋል። ግሪን ካርድ ያለው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም።

ቅጹ ትክክለኛው ገዢ እናንተው መሆናችሁን ይጠይቃል። የአክስት ልጅ «አንተ ወረቀት አለህ፣ ግዛልኝ፣ ብሩን እሰጥሃለሁ» ሊላችሁ ይችላል። እንቢ በሉ። ይሉኝታ እዚህ አይሠራም፤ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። የተከለከሉ ነገሮችን ትጠቀማለህ ወይ የሚልም ጥያቄ አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅም ሰው «አይ» ብሎ ቢፈርም ዋሽቶ ፈርሟል። ሚስቱን ወይም የቤት ሰውን መትቶ የተፈረደበትም መግዛት አይችልም፤ መሆንም ያለበት እንደዚያው ነው።

ስቴት ከስቴት ይለያያል። ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት ከ2013 ጀምሮ ሥልጠናና የጣት አሻራ ያለበት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ሰባት ቀንም ያስጠብቃሉ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ሕጉ ሌላ ነው። ከሌላ ስቴት የወደዳችሁትን ሽጉጥ የምትረከቡት በምትኖሩበት ስቴት ባለ ነጋዴ በኩል ነው። ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ሀገር ቤት መውሰድን የሚያስብ ካለ ያንን ሐሳብ ይተው። ከዚህ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት፤ ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 2020።

[ምስል፦ መለማመጃ ቦታ። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ የጥይት ሳጥን።]

የመጀመሪያው ቀን። ያዙልኝ ያልኳችሁን 44 ስፔሻል አሁን አውጡ። በሱ ጀምሩ። ከበሮው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገቡ። ምክንያቱም ትልቅ ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘልበት ሰው እጁን ጭብጥ ያደርጋል። ጣቱ ቃታው ላይ ነው። ሳያስበው ሁለተኛው ይተኮሳል፤ ያኔ አፈሙዙ የት እያየ እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንድ ጥይት ብቻ ከሆነ የሚወጣ ሁለተኛ የለም። አብሯችሁ የመጣ ጓደኛም ሆነ እህት «እኔም ልሞክረው» ካለ ለእሱም አንድ ብቻ።

ድምፁ ከባድ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባውንም ከላይ የሚደረገውንም አንድ ላይ አድርጉ፤ በተለይ ጣራ ባለው ቦታ። ቃታውን ስባችሁ ዝም ካለ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዛችሁ 30 ሴኮንድ ጠብቁ። የደከመ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ አቁሙ፤ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩን ከተኮሳችሁ ሽጉጡ ሊፈነዳ ይችላል። ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱ ባሩድ የሞላበትን ጥይት በርካሽ ከሰጣችሁ አትቀበሉት። ስትጨርሱ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ስፔሻል ከተኮሳችሁ በኋላ ጉድጓዶቹ ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይቀራል። ማግነም ከማስገባታችሁ በፊት በብሩሽ አጽዱት። አለበለዚያ ረጅሙ ቀለሃ ይጣበቃል።

[ምስል፦ የሽቦ ቁልፍ በተከፈተው ከበሮ ቀዳዳ ሲያልፍ።]

ከሱቁ ስትወጡ ቁልፍ ይሰጧችኋል። እንደዚህ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ታስገቡታላችሁ፤ ከበሮው አይዘጋም። ከዚያ ወደ ካዝናው፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ። ልጅ ባይኖራችሁም። አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። እኛ ቤት ደግሞ ሲከፋን አንናገርም። ከመካከላችሁ ቀኑ የጨለመበት ካለ፣ ወይም እንደዚያ ያለ ሰው አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ፣ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤት ይውጣ። አሜሪካ ውስጥ 988 ብትደውሉ ሌሊትም የሚያነሳ ሰው አለ።

የእኔ የካዝና ቁጥር ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ያውቀዋል። ሲከፋኝ እንድትለውጠው ነግሬያታለሁ።

[ምስል፦ የካዝናው በር ሲዘጋ።]