ከማቡኪያው ጀምራችሁ ቁጠሩ
(በአዳማ ለተሰበሰቡ የምግብ አምራቾች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የአዳማና የአካባቢዋ የምግብ አምራቾች፣ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤቶች፣ የዳቦና የብስኩት ምርት ኃላፊዎች፣ የግዥ ክፍል ባልደረቦች፣ እንዲሁም እንደ ልማዳችሁ የኋላውን ወንበር የመረጣችሁ የመጋዘን ሠራተኞች፤

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የጥሬ ዕቃ የጅምላ ማሸጊያ አመራረጥ» የሚል ሲሆን፣ የተፈቀደልኝ ጊዜም 20 ደቂቃ ነው። ስለ ከረጢት፣ ጃምቦ ስለሚባለው በፎርክሊፍት ስለሚነሣ ግዙፍ ከረጢት፣ ስለ በርሜልና ስለ ጀሪካን በየተራው እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ሁሉንም ለመንካት እሞክራለሁ፤ ነገር ግን ወደዚህ መድረክ የወጣሁት ብዙ ዓመት በሆዴ የያዝኩትን አንድ ቅሬታ ለመናገር በመሆኑ፣ ጊዜዬን በእኩል ባልከፋፍለው አትታዘቡኝ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ከንብረት ክፍል ነው። ሥራ የጀመርኩት በሞዴል 19 ዕቃ እየተቀበልኩ፣ በሞዴል 22 እያወጣሁ ነበር፤ ወደ ምርት ክፍል የተዛወርኩት ዘግይቶ ነው። በዚህ ከተማ የሠራን ሰዎች ኩንታል የሚለውን ቃል የተማርነው በሚዛን ሳይሆን በጫኝና አውራጅ ትከሻ ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ በአፍንጫችን ሥር ስንት ሚሊዮን ከረጢት እንዳለፈ እግዜር ይቁጠረው። እኔ በጀማሪነቴ «አባባ» የምንላቸው አንድ ተሸካሚ ነበሩ፤ መቶ ኪሎ ተሸክመው ጠባቡን የእንጨት መወጣጫ ሲወጡ ማንም አያናግራቸውም ነበር፤ መልስ ለመስጠት የሚወጣው ትንፋሽ ሚዛናቸውን ያስታቸዋልና። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ እንዲሸከም የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው። አባባ ያንን ወረቀት አላዩትም፤ እኛም ብናየው ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር አላውቅም። ዛሬ የመቶ ኪሎው ዘመን እያለፈ የ50 እና የ25 ኪሎ ከረጢት መለመዱ መልካም ነው፤ ቢሆንም የከረጢቱን መጠን ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ አሁንም እንደ ድሮው ነው። የሚወስነው ከረጢቱን ተሸክሞም ከፍቶም የማያውቅ ሰው ነው።

እንዴት እንደምንገዛ እናውቃለን። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ማነጻጸሪያ ይዘጋጃል፣ በኪሎ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። በማነጻጸሪያው ላይ ዕቃው በምን ታሽጎ እንደሚመጣ የሚጻፍበት ዓምድ ካለም «ማሸጊያ፦ ደረጃውን የጠበቀ» ተብሎ ይታለፋል። የምን ደረጃ? የማን ደረጃ?

አሁን የምነግራችሁ እኔ ራሴ በምርት ኃላፊነት ላይ ሳለሁ የደረሰ ነው፤ የፋብሪካውን ስም ግን አልጠራም። ብስኩት እናመርት ነበር። አንዱ ባች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚቦካው ሊጥ፣ 200 ኪሎ ዱቄት፣ 60 ኪሎ ስኳርና 6 ኪሎ የወተት ዱቄት ይወስዳል። በቀን አንድ ፈረቃ እንሠራለን፤ በፈረቃው 12 ባች ይቦካል። እንግዲህ በቀን 72 ኪሎ የወተት ዱቄት ማለት ነው። የወተት ዱቄቱ በ25 ኪሎ ከረጢት ይመጣ ነበር፤ ውጪው ድርብርብ ወረቀት፣ ውስጡ የፕላስቲክ ገበር። በቀን ሦስት ከረጢት ይከፈታል፣ ሦስት ኪሎ ይተርፋል፣ የተረፈው ክዳን ባለው ባልዲ ለነገ ይቀመጣል። ማንም የማይማረርበት ሥራ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ግዥ ክፍሉ በኪሎ 3 ብር የሚቀንስ አቅራቢ አገኘ። የወተት ዱቄቱ የሚመጣው 750 ኪሎ በሚይዝ ጃምቦ ነው። አሥር ጃምቦ ተገዛ፤ 7,500 ኪሎ ስለሆነ ቅናሹ 22,500 ብር ደረሰ፤ ግዥ ክፍሉም ተመሰገነ። ጃምቦዎቹ ግቢ ሲገቡ እኔም እንደሌላው ሰው ወጥቼ አየሁ። ፎርክሊፍታችን አነሳቸው፣ መጋዘን አስገባቸው፤ እስከዚያ ድረስ ችግር አልነበረም። ችግሩ የጀመረው ማቡኪያው ጋ ነው። ጃምቦ ከታች መፍሰሻ አፍ አለው፤ በአራቱ ማንጠልጠያ ጆሮዎቹ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ በሥር ባለው አፉ ወደ ሆፐር፣ ማለትም ዱቄቱን ተቀብሎ ወደ ታች ወደሚያወርድ ሰፊ አፍ ያለው መቀበያ፣ እንዲራገፍ የተሠራ ነው። እኛ የምንሰቅልበት ማማ አልነበረንም፤ ሆፐርም አልነበረንም። የነበረን ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) እና የሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ጃምቦውን መሬት ላይ አስቀምጠን ከላይ ከፈትነው፣ በማንቆርቆሪያ ክዳን እየዛቅን በባልዲ መመዘን ጀመርን።

አስሉት። በቀን 72 ኪሎ ከ750 ኪሎ ላይ ሲወሰድ አንድ ጃምቦ ከአሥር ቀን በላይ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል ማለት ነው። የወተት ዱቄት ደግሞ እርጥበት የሚጠራ ዕቃ ነው፤ ወሩም ነሐሴ። በአራተኛው ቀን ላዩ ቅርፊት አወጣ፤ በስድስተኛው ቀን ልጆቹ በመዶሻ እጀታ እየቀጠቀጡ ማውጣት ያዙ። ጃምቦው እየጎደለ ሲሄድ ዛቂው እጁ አልደርስ ስላለው በፓሌቱ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ከወገቡ በላይ ወደ ውስጥ መግባት ነበረበት። አንድ ቀን ከጎኑ ቆሜ አየሁት። ከግንባሩ የወረደው ላብ ነጩ ዱቄት ላይ ጠብ ሲል፣ ጠብታውን ከብቦ ትንሽ ቢጫ እንክብል ሠራ። ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ይህን ለልጄ አላበላም» አለኝ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጃምቦዎች ብቻ 190 ኪሎ የተጋገረ ዱቄት ጣልን፤ በወቅቱ ዋጋ በኪሎ 140 ብር ስለነበር 26,600 ብር ማለት ነው። አተረፍን የተባለው ገንዘብ አሥሩ ጃምቦ ሲሦው እንኳ ሳያልቅ ተበልቶ አለቀ። የተመሰገነውን ሰው ግን ማንም መልሶ የጠየቀው የለም። እኔ ነኝ «ለምን አባከናችሁ» ተብዬ ደብዳቤ የተጻፈብኝ!

በዚያው ወር፣ በዚያው ፋብሪካ፣ ዱቄቱ በምን ይመጣ እንደነበር ልንገራችሁ። በ50 ኪሎ ማዳበሪያ፣ በሰው ትከሻ። በቀን 2,400 ኪሎ ስንጠቀም 48 ማዳበሪያ ይራገፋል፣ 48 ጊዜ አፍ ይፈታል፣ 48 ጊዜ ይራገፋል፣ እያንዳንዱም በስፌቱ ጥግ ጭብጥ የሚያህል ዱቄት ይዞ ይጣላል። ዱቄቱ በአንድ ቶን ጃምቦ ቢመጣ ኖሮ አምስት ባች ሲቦካ ያልቃል፤ ከፈረቃው እኩሌታ እንኳ ሳይሞላ ተከፍቶ ባዶ ይሆናል፣ እርጥበት የሚያገኝበት ፋታ የለውም፤ ማማና ሆፐር ብናሠራ ወጪው በዱቄቱ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ጃምቦ የሚገባውን ዕቃ በትከሻ አመጣን፣ ከረጢት የሚገባውን በጃምቦ። ይህን ተገላቢጦሽ የፈጠረው ድህነት አይደለም፤ የቴክኖሎጂ እጥረትም አይደለም። ለመግዛት ከመፈረማቸው በፊት ሁለት መቶ እርምጃ ተራምደው ማቡኪያው ጋ የቆመውን ሰው «በቀን ስንት ትጨርሳለህ?» ብለው ያልጠየቁ ሰዎች የፈጠሩት ነው!

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ማሸጊያ ስትመርጡ ከአቅራቢው ዝርዝር አትጀምሩ፤ ከማቡኪያው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። አንድ ባች ስንት ኪሎ ይወስዳል? በፈረቃ ስንት ባች ይወጣል? የተከፈተው ማሸጊያ በስንት ሰዓት ያልቃል? ዕቃው አፉ ተከፍቶ ስንት ሰዓት ይታገሣል? አራተኛው ቁጥር ከሦስተኛው ካነሰ ማሸጊያው ለእናንተ አይሆንም፤ በነጻ ቢሰጧችሁም አይሆንም። እርግጥ ቁጥሩ ሁልጊዜ አይገጥምም። እኛ ራሳችን አንድ የወተት ከረጢት ለአራት ባች ልክ እንዲሆን ወተቱን 6.25 ኪሎ እናድርግ ብለን የምግብ ቀመሩን ብናሳድግ ዱቄቱ 208 ኪሎ ሆኖ የአራቱን ማዳበሪያ ሒሳብ አበላሸብን። በመጨረሻ የተሻለው ጥቃቅኑን ዕቃ ጠዋት በዝግ ክፍል በባች በባች መዝኖ ክዳን ባለው ባልዲ ማሰለፍ ሆነ።

ሁለተኛው ነገር የከረጢት አፍ ነው። ማዳበሪያ በምላጭ ሲቀደድ ከሽመናው ነጭ ጭረት ይላቀቃል፤ ነጭ ጭረት ነጭ ዱቄት ውስጥ አይታይም፤ ወንፊቱ ቢደክም ወይም ቢቀደድ ብስኩት ውስጥ ይገኛል። እኔ እንደዚህ ያለ ብስኩት በወረቀት ጠቅልለው ያመጡ እናት ፊት ቆሜ አውቃለሁ። አንዳንድ አምራቾች የውስጥ ገበሩን ሰማያዊ የሚያደርጉት ለጌጥ አይደለም፤ ሰማያዊ ምግብ ስለሌለ ብጣሹ ከሩቅ እንዲታይ ነው። ዕቃ አቅራቢዎቻችሁን ይህን ጠይቁ፤ ክሩም በቀለም ይሁን በሉ።

ሦስተኛ፣ የምንኖረው ከባሕር ርቀን ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ሙቀትና ወበቅ ተነሥቶ፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ወደሆነችው ከተማችን ይወጣል። ቀን የሞቀው ኮንቴይነር ሌሊት በደጋው ሲቀዘቅዝ ጣሪያው ያልበዋል፤ ላቡም የላይኛው ረድፍ ላይ ይንጠባጠባል። ወረቀት ብቻ የሆነ ከረጢት ይህን አይችልም፣ ገበር ይፈልጋል። ገበሩ ደግሞ አየር ይዞ ጥብቅ ብሎ ከታሸገ ሽቅብ ሲወጣ ይነፋል፤ የተነፋ ከረጢት የተደረደረበት ፓሌት ይንሸራተታል። የተነፉ ከረጢቶች አይታችሁ «ተበላሽቷል» ብላችሁ የመለሳችሁ እዚህ መኖራችሁን አውቃለሁ፤ አንዳንዱ ከፍታው ብቻ ነበር። አየሩ ወጥቶ እንዲታሸግ በግዥ ውላችሁ ላይ ጻፉ።

ስለ ፈሳሹ በአጭሩ ልለፍ። የግሉኮስ ሽሮፕ የሚመጣበት የ1,000 ሊትር ታንክ 1,400 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ፎርክሊፍታችሁ ስንት እንደሚያነሣ ሳታዩ አትዘዙ። የቲማቲም ድልህ በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ ባለ ንጹሕ ከረጢት ታሽጎ ሲመጣ ሳይከፈት ብዙ ይቆያል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን እንደማንኛውም ወጥ ነው፤ በቀን 30 ኪሎ የሚጠቀም ሰው በርሜል መግዛቱ ለሻጋታ መቀለብ ነው። ስለ ቢጫው ጀሪካን ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል፦ ትናንት ምን እንደያዘ የማታውቁትን ጀሪካን ዛሬ ዘይት አትሙሉበት። ያገለገለ ማዳበሪያም እንደዚያው ነው፤ ስሙን ከየት እንዳገኘ ሁላችንም እናውቃለን።

ጃምቦ ለመግዛት ለወሰናችሁ ሁለት ነገር ላክል። ከረጢቱ ላይ 5:1 የሚል የጥንካሬ ልክ ከተጻፈ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የተሠራ ነው፤ ደጋግሞ የሚሞላው 6:1 ነው፤ ባለ 5:1ን አጥባችሁ አትሙሉ። ሌላው፣ ዱቄትና ስኳር በፍጥነት ሲራገፉ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፣ አቧራቸውም ይነድዳል። በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ፖርት ዌንትዎርዝ ላይ በአንድ የስኳር ፋብሪካ የተጠራቀመ የስኳር አቧራ ፈንድቶ 14 ሠራተኞች ሞተዋል። የመሬት ሽቦ እንዲታሰርበት የተሠራ ጃምቦ አለ፤ ሽቦውን ማሰር ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ይህ ጉባኤ አንድ ነገር እንዲወስንልኝ እጠይቃለሁ። በሁላችንም የዋጋ ማነጻጸሪያ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድና አንድ ፊርማ ይጨመር፤ ዓምዱ «የተከፈተው ማሸጊያ በስንት ሰዓት ያልቃል» የሚል፣ ፊርማውም የምርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ። ያለዚያ ፊርማ ግዥው አይጽደቅ። የግዥ ባልደረቦቼ ሥራ ያዘገያል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ደብዳቤዬን አሁንም በፋይሌ ውስጥ እንዳስቀመጥኩት ልነግራችሁ እወዳለሁ።

በሻይ ዕረፍቱ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት የታሸጉ ማዳበሪያዎች አስቀምጫለሁ። ስፌቱ ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ብቻ ነው የሚፈታው፤ የተሳሳተውን ከጎተታችሁ ይጠብቃል፣ ትክክለኛውን ካገኛችሁ በአንድ ትንፋሽ ይተረተራል። የመጋዘን ልጆች ለአለቆቻችሁ አታሳዩአቸው፤ ራሳቸው ይፈልጉት። ምላጭ አይፈቀድም።

አመሰግናለሁ።