እኔ የለቀቅኩት ቦታ ላይ

እሺ፣ ደህና ናችሁ? ድምፄ ከታፈነ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ስለምቀዳ ነው። አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ዛሬም ጣሪያው ላይ ነው። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከሰማችሁ ሌባ አይደለም፣ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው፣ ባሌ፣ ተኝቷል። ስለ እሱ ዛሬ አላወራም፣ ቃል አስገብቶኛል።

ስለምሠራበት ላቦራቶሪ ነው። ባለፈው “ተገላገልኩ” ብያችሁ አልነበር? ስላረገዝኩ ከፎርማሊኑ ክፍል፣ ናሙና እንዳይበሰብስ ኬሚካል ውስጥ ከምንነክርበት፣ ወጣሁ፣ ምዝገባና ማይክሮስኮፕ ላይ ተመደብኩ፣ እናንተም እልል አላችሁልኝ። ተባረኩ። ግን ከዚያ ወዲህ አልወጣልኝ ያለ ነገር አለ።

የርክክቡ ጠዋት ነው። የእኔን ቦታ የምትይዘው አዲሷ ልጅ ናት። ያቺ ጥር ላይ ያገባችው። ፍቅር ሀይቅ ዳር ፎቶ ሲነሱ ቬሎዋን ንፋስ ወስዶባት የሳቅንባት።

ኃላፊያችን መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። የሐኪም ወረቀቴን ሳሳየው ፊቱን አላጠቆረም። አዋጁን እንኳን አላስጠቀሰኝም። እኔ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ አጥንቼ ነበር የገባሁት! ሥራው ለእናቲቱ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ መዛወር አለባት ይላል። ለክርክር ተዘጋጅቼ ሄጄ “እሺ” ሲለኝ እንደ ማፈር አደረገኝ።

እና ሁለታችን አጠገቡ ቆመናል፣ እኔና እሷ። እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ “እሷ ትያዘው፣ እሷ ገና ናት” አለ።

ገና ናት።

ልጅቷ ሳቅ አለች። ያ ሳቅ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ማፈር ነው? “አዎ ገና ነኝ” ነው? ወይስ... አላውቅም። ደሞ ማን ጠየቃት? እሱ ከየት አወቀ? እሷስ ብትሆን፣ ሰው ፊት “አይ፣ እኔም” ትላለች እንዴ? በየትኛው አገር?

የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። ሆድ ሳይገፋ አይወራም። እናቴ የመጀመሪያ ቀን የነገረችኝ “አፍሽን ዝጊ” ነው። “እንኳን ደስ አለሽ” ራሱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ዓይን አለ፣ ምን አለ፣ ምን አለ። እኔም ዘግቼ ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከተጸነሰ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ልብ የሚሠራው፣ እጅና እግር የሚወጣው ያኔ ነው። አከርካሪው የሚወጣበት ቱቦ በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ ተዘግቶ ያልቃል። አንዳንዷ እኮ ያኔ የወር አበባዬ ትንሽ ዘገየ ብላ ነው የምታስበው። ሕጉ ወረቀት አምጪ ይላል፣ ሐኪሙ ነይ ይላል፣ እናቴ ዝም በይ ትላለች። ኬሚካሉ ማንንም አይጠብቅም።

እና ማሳየት ጀመርኩ። ያው ታውቁኛላችሁ፣ ሲጨንቀኝ አስተማሪ እሆናለሁ። የናሙናውን ዕቃ አነሳሁ። ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ነገር ደርቆበታል፣ ፎርማሊን ሲያፈስ ሁሌ እንደዛ ነው። “ይሄን ካየሽ አፍስሷል ማለት ነው፣ በባዶ እጅሽ አትንኪው” አልኳት። የቀዶ ሕክምና ማስክ ለጠብታ እንጂ ለትነት አይሆንም አልኳት። ዛይሊን፣ ያን ማሟሟያውን፣ ስትቀይሪ ላቴክስ ጓንት አታድርጊ፣ ናይትራይል ጓንቱም ቢሆን ቶሎ ያሳልፈዋል፣ ከፈሰሰብሽ ወዲያው ቀይሪ አልኳት። ባዮሴፍቲ ካቢኔቱ ውስጥ ዛይሊን እንዳትከፍቺ፣ እሱ ጀርም ያጣራል እንጂ ትነት አያጣራም፣ አየሩን መልሶ ወደ ክፍሉ ነው የሚለቀው አልኳት። ጎበዝ ናት፣ ሁሉንም ጻፈች። በቆንጆ ጽሑፍ።

ከዚያ ቀና ብላ “ሽታው ግን ምንም አይለኝም” አለችኝ።

እኔን በዚያ ሰሞን ፎርማሊን ከኮሪደሩ ጀምሮ ነበር የሚያስመልሰኝ። የሰውዬው ሽቶ ራሱ... እሺ፣ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ “አይለኝም” ስትል ደስ አለኝ። አያችሁ፣ ያልያዛት ነው ማለት ነው ብዬ። ከዚያ ማታ ተኝቼ፣ አፍንጫ እኮ ይደነዝዛል አልኩ። ፎርማሊን ውስጥ የከረመ ሰው አይሸተውም፣ አይሸተውም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። አሜሪካኖቹ በ8 ሰዓት አማካይ ከ0.75 ፒፒኤም፣ ከሚሊዮን እጅ አየር 0.75 እጅ ማለት ነው፣ አይለፍ ብለው ደንብ አላቸው። እኛ ጋ በምን ይለካል? መለኪያ የለንም። ያለን አፍንጫ ነው። እርጉዝ አፍንጫ ሲሆን በጣም ጥሩ መለኪያ ነው፣ ምን ዋጋ አለው፣ ተዛወረ።

ደግሞ ቡናው አለ። ቡና መጣ፣ ለሁላችንም ተቀዳ፣ እሷ “ትቻለሁ” አለች። ቡና! ይቺ ልጅ እኮ ሦስተኛውን ሳትጠጣ የማትነሳ ነበረች። ጾም ነው እንዳልል ሐሙስ ነው። ጨጓራ ይሆናል። ሐዋሳ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? አዎ፣ ጨጓራ ነው። ልክ እንደ ጎረቤት እናት የሰው ሆድ እየቆጠርኩ ነው፣ አስጠላሁ።

ስለ ሆድ ካነሳን፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ የዓሣ ሾርባ ትቼ ነበር አይደል? ተመለስኩ። ሜርኩሪ ፈርቼ ነበር የተውኩት። የእኛ ሐይቅ ዓሣ ላይ ጥናት ተሠርቷል፣ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ላይ ነው ሜርኩሪው የሚበዛው፣ በተለይ ትንንሽ ዓሣ የሚበላው ትልቁ ላይ። ቆሮሶ የውሃ አረንጓዴ ነው የሚግጠው፣ እሱ ላይ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ቆሮሶ! ጃፓን ሚናማታ የሚባል ቦታ ሜርኩሪ ያለበት ዓሣ በልተው እናቶቹ ራሳቸው ሳይታመሙ ልጆቹ ተጎድተው ተወልደዋል። በ1956 ነው በሽታው በይፋ የታወቀው፣ በፈረንጆቹ። እናትየው ደህና ናት፣ ምንም አይላትም። “ምንም አይለኝም።” ይኸው፣ ዞሬ ዞሬ እዚያው።

ሰው ግን አላስፈራራም። እኔ ራሴ ማታ ማታ እያነበብኩ ነው ጨጓራዬን የላጥኩት። በፈረንጆቹ 1994 የፊንላንድ ላቦራቶሪ ሠራተኞች ላይ የወጣ ጥናት አለ። ቶሉዊን፣ ዛይሊን፣ ፎርማሊን በሳምንት ብዙ ቀን የሚነኩት ላይ የጽንስ መጨንገፍ በዝቶ ታይቷል። አንድ ጥናት ነው። ለእያንዳንዷ ይደርሳል ማለት አይደለም። አንጋፋዋ ሲስተራችን እዚያው ክፍል ሦስት ወልዳለች፣ ሦስቱም እንደ በሬ ናቸው። ይሄም እውነት ነው። የጠርሙሶቹንም ወረቀት አየሁ፣ ሴፍቲ ዳታ ሺቱን። ክፍል 2 ላይ ኤች 360 የሚል ካለ መውለድን ወይም ጽንስን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው፣ ኤች 361 ከሆነ ይጠረጠራል። ፎርማሊናችን ላይ የካንሰሩ አለ፣ 360 የለም። ተንፈስ አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ የካንሰሩ አለ ብዬ ነው እንዴ የተነፈስኩት? አልኩ።

ዋናው ማራገቢያው ነው። ኡኡ ልበል? ግድግዳው ላይ ያለው አየር ማስወጫ ከክረምት ጀምሮ አይዞርም። መስኮት ከፍተን ነው የምንሠራው፣ ንፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ ትነቱን ወደ ፊታችን ይመልሰዋል። እሱ ቢሠራ፣ ወይ ትነቱን ስቦ የሚያስወጣ ደህና ፊዩም ሁድ ቢኖር፣ እኔም እሷም ማንም ስለ ሆዱ ለማንም አይናገርም ነበር። “ታዝዟል” ይላሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደታዘዘ አባ ኮዳውን ጠይቁት።

ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቼ ልንገራት? ምን ብዬ? “እማ፣ ካለሽ ንገሪኝ”? ብትሆን አስጨንቃታለሁ፣ ባትሆን “ለምን አልወለድሽም” ያልኳት ይመስላታል፣ አማቷ የምትላት ይበቃታል። ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ። ብትነግረኝና ብትዛወር ማን ይመጣል? ወንዱ ልጅ አለ። እሱ ለምን መጀመሪያውኑ አልተመደበም? እሱን ጠየቅኩ እንዴ... አይ፣ ይሄ ሌላ ወሬ ነው። ደሞ ፎርማሊን ለወንድ ማር ነው ያለው ማን ነው?

ስለ ማራገቢያው ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አጭር ነው፣ ሆድ የሚል ቃል የለበትም። የክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ እንዲፈርሙበት ነው ያሰብኩት፣ ሁሉም ከፈረመ ማንም አይለይም። ግን እሷ በአዲስነቷ ብትፈርም “ገና መጥታ ታማርራለች” ይሏታል። ከስሟ በቀር ሁሉም ካለበት ደግሞ... ሰኞ ይዤው እገባለሁ። ወይም ማክሰኞ፣ ሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ነው። እስቲ መጀመሪያ ወንዱን ላስፈርመው፣ ከዚያ